እንዶድና የነጋዴው ድርሻ

የእንዶድ ፍሬ ሸማ እንደሚያነጣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች፣ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ነገሩንም መርምረው ፍሬው ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አስረዱ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ዛጎል ለበስ እንስሳት ስለ ማጥፋቱ የፓተንት መብት ያገኘው በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍሬው የእኛ፣ መብቱ የሌላ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በንግድ ሥራ ያለን ሰዎች ምርምርን ለሊቃውንት ብቻ አንተው። የመንዝን የበግ ጠጕርና የደጋውን ዕፅዋት ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እንሂድ፤ ከወጪውም ድርሻችንን እንክፈል፤ የተገኘውም አስቀድሞ በአገራችን ስም ይመዝገብ። ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሌላው በቈረጠው ዋጋ ያድራል።