መርፌውስ ይሁን፤ እንቅልፉን ማን ይሰጠናል?

የፈተና ሰሞን በደረሰ ቁጥር በመኝታ ክፍሎቻችን የሚሰማው ቋንቋ አንድ ነው፤ «ነርቬ ተነካ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ልቤ ዝም ብሎ ይመታል»። ዘንድሮ ግን አንድ አዲስ ምክር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም «አኩፓንክቸር የሚባል የቻይና መርፌ አለ፤ የተዛባ ነርቭ ያስተካክላል፤ ሂድና ተወጋ» የሚል ነው። አንድ ጓደኛችን ምክሩን ሰምቶ የወር የኪስ ገንዘቡን ይዞ ሄደ። በዚያው ሌሊት፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ሰው ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ክፍላችን በሁለት ወገን ተከፈለ። አንዱ «የጥንት ጥበብ ነው» ብሎ ያመልካል፤ ሌላው «ጥንቆላ ነው» ብሎ ይስቃል። እኛ ግን ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈረዱ እንላለን። (የዋግምት አገር ልጆች ሆነን በሰው መርፌ መሳቁም አያምርብንም። የቻይና ሐኪሞችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው።)

እንደ ጥንቱ ትምህርት ከሆነ «ቺ» የሚባል ኃይል በሰውነታችን ውስጥ በታወቁ መስመሮች ይፈስሳል፤ ሲታገድ ሕመም ይሆናል፤ መድኃኒት የሌለበት ቀጭን መርፌ በተመረጠ ነጥብ ላይ ሲተከል መንገዱ ይከፈታል። እነዚህን መስመሮች ግን የአካል ጥናት እስከ ዛሬ አላገኛቸውም። ስለዚህ የዛሬዎቹ አስተዋዋቂዎች «ቺ»ን ትተው «የነርቭ ሚዛን» ማለት ጀምረዋል። ሁለት ዓይነት የነርቭ ሥራ መኖሩስ እውነት ነው፤ ሲምፓቴቲክ የተባለው ለትግልና ለሽሽት ያነሣሣል፣ ፓራሲምፓቴቲክ የተባለው ያሳርፋል። ነገር ግን እንደ ገበያ ሚዛን እኩል ተንጠልጥለው የሚኖሩ አይደሉም። ነገ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ልቡ ቢመታ ነርቩ ሥራውን ሠራ እንጂ ተበላሸ አይባልም።

ለመሆኑ ማስረጃው ምን ይላል? በጀርመን አገር 1,162 የወገብ ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው ታከሙ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። አንደኛው ክፍል በደንቡ ተወጋ፤ ሁለተኛው ከታወቁት ነጥቦች ውጭ ላይ ላዩን ብቻ ተወጋ፤ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከመቶ 47.6፣ 44.2 እና 27.4 ሆኑ። ይህን ቁጥር ደጋግመን ልናነበው ይገባል። የሚስቀው ወገን ያፍራል፤ መርፌው ከተለመደው ሕክምና በልጧልና። የሚያመልከውም ያፍራል፤ መርፌው የትም ቢተከል ልዩነቱ ጥቂት ነውና።

«እሱ ስለ ወገብ ነው» የሚል ይኖራል። ስለ ጭንቀት የተደረጉት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽና ደካማ በመሆናቸው ተስፋ ይሰጡ እንደ ሆነ እንጂ ፍርድ አይሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ምርምር በአይጥ እግር ላይ በመርፌ የተሰጠ ቀላል ኤሌክትሪክ በቬገስ ነርቭ በኩል እስከ አድሬናል ዕጢ ደርሶ ብግነትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ትልቅ ነገር ነው። አይጥ ግን ፈተና የለባትም።

ታዲያ ጓደኛችንን ምን አስተኛው? ጠየቅነው። ጸጥ ባለና ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል አርባ ደቂቃ ተጋድሞ ቆየ፤ ስልኩ ከእጁ ተወሰደ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት ሴት ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያድር፣ ከቤት ማን እንደሚረዳው ጠይቃ መልሱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከገጠር ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛ አብረነው የምናድረው አምስታችንም አልጠየቅነውም።

ይህን ስናስብ የኒው ዮርኩ የሊንከን ሆስፒታል ነገር ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የደቡብ ብሮንክስ ወጣቶች የሆስፒታሉን አንድ ክፍል በኃይል ይዘው ለዕፅ ሱሰኞች ሕክምና ከፈቱ። በኋላም ሱሰኛውን በሜታዶን ከመያዝ ይሻላል ብለው ጆሮ ላይ የሚተከለውን መርፌ ተማሩ። ከመርፌው ጎን ግን ውይይት ነበረ፤ ሰፈሩ ለምን በዕፅ እንደ ተጥለቀለቀ የሚመረመርበት ትምህርት ነበረ። በ1978 ከተማው በፖሊስ አስወጣቸው። ዛሬ በየአገሩ ለጭንቀት ጭምር የሚሰጠው አምስቱ የጆሮ ነጥብ ከዚያ የወጣ ነው፤ መርፌው ተስፋፋ፣ ውይይቱ ቀረ።

እንግዲህ ገንዘብ ያለው ይወጋ፤ መርፌው ከታሸገበት በፊቱ መከፈቱን ይመልከት፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ አለበት፤ እኛም ልናደርሰው ይገባናል።

ከተማሪው ኅብረት የምንጠይቀው ሌላ ነው። በሁለት ቀን ሦስት ፈተና የሚደረድረው ሰሌዳ ይለወጥ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የመኝታ ክፍል መብራት ይጥፋ፤ ማንበብ ለሚሻ የንባብ አዳራሹ ይከፈት። በጤና ክፍሉ ደግሞ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ የሚሸኝ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይመደብ። ለመጪው ስብሰባ የሚቀርበው ወረቀት ተዘጋጅቶ ፊርማ እየተሰበሰበበት ነው። ጓደኛችን ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚከፍለው ስለሌለው ከሁላችን ቀድሞ ፈርሟል።