ቀለሙን ለተጫዋቹ ተዉለት

“አረንጓዴውን ከአረንጓዴው ጋር አድርገዋ!” አለኝ ጓደኛዬ። ፉትስክሬይ እሱ ቤት ቡና እየጠጣን፣ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ኳሶች የሚያገናኝ ጌም በላፕቶፕ እየተጫወትን ነበር። እኔ ቀይና አረንጓዴን አጥርቼ አልለይም፤ ሁለቱም ወደ ቡናማ ያደሉብኛል። ሴቲንጉን ከፈትኩ። ድምፁን መቀነስ፣ ሙዚቃውን መቀየር ይቻላል። ቀለሙን ግን አይቻልም። ላፕቶፑን መለስኩለት።

ስለተሸነፍኩ አይደለም የምጽፈው (መሸነፉንስ ተሸንፌያለሁ)። በዚህ ሴሚስተር በቡድን የእንቆቅልሽ ጌም እየሠራን ነው። “ቀለም መቀየሪያ ይኑረው” ስል “እሱ ማስዋቢያ ነው፣ ጊዜ ከተረፈ” ተባልኩ። የቡድን ሥራ ላይ ጊዜ ተርፎ ያውቃል እንዴ?

ማስዋቢያ አይደለም። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀለም ይምታታበታል፤ ከሴቶቹ ደግሞ ከ200 አንዷ። እዚህ ሜልቦርን ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

የድሮዎቹ በዚህ ይሻሉ ነበር። ማይንስዊፐር 1ን በሰማያዊ፣ 2ን በአረንጓዴ፣ 3ን በቀይ ይጽፋል፤ ቁጥሩ ራሱ ስለሚነበብ ግን በቀለም ምክንያት ፈንጂ አልረግጥም። የከተማችን የባቡር ካርታም የፍራንክስተንን መስመር በአረንጓዴ፣ የመርንዳን በቀይ ቢያሰምርም ስማቸውን ጽፏል። እንግሊዛዊው ሳይመን ታተም በነጻ ከሚያድላቸው እንቆቅልሾች “ጌስ” የሚባለው ላይ ደግሞ “ኤል”ን ስጫን ቀለሞቹ ላይ ቁጥር ይወጣል። አንድ ቁልፍ!

ዲዛይነራችን “ሰው እንደፈለገ ከቀባው ጌሙ ያስጠላል” ትላለች። እውነቷን ነው፣ ሊያስጠላ ይችላል። ሁለት ኳስ አንድ ዓይነት የሚቀባም አይጠፋም፤ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ አዝራር ይደረግለት። “ቀለም ለማይለዩ” ተብሎ የሚሰጥ አንድ ዝግጁ ምርጫ ከምንም ይሻላል፤ ግን የእኔ ዓይንና ሰማያዊና ቢጫ የሚምታታበት ሰው ዓይን አንድ አይደሉም። ራሱ ይምረጥ።

ከጅምሩ ከታሰበ ሥራው ቀላል ነው። ቀለሞቹን በየፋይሉ ከመበተን አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ተጫዋቹ የመረጠውንም ጌሙ ሲዘጋ እንዳይጠፋ ማስቀመጥ ነው። መጨረሻ ላይ ይጨመር ከተባለ ግን ቀለም ፍለጋ ኮዱን ሁሉ ማሰስ ይመጣል።

ማክሰኞ እንሰበሰባለን። የቀለሙን ፋይል ሠርቼ ይዤ እሄዳለሁ። አሁንም “ጊዜ ከተረፈ” ከተባልኩ፣ ጌሙን እየተጫወቱ መፈተሹ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ።