ፋይሌን ማን ነካው?

«ጋዜጠኛን ከጥቁር ስክሪን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ከክፍል ጓደኞቼ በየጊዜው ይቀርብልኛል። መልሱ አጭር ነው። የሁለት ሰዓት ቃለ ምልልስ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥልን ፕሮግራም ያለው ላባችን ሰርቨር ላይ ነው። ሥራውን አስጀምረን እንጠብቃለን፤ መሀል ላይ ኮኔክሽን ከተቋረጠ ግን እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው።

ቲመክስ የሚባለው ፕሮግራም የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ኒኮላስ ማሪዮት የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሲሆን፣ ከ1987 ጀምሮ የነበረ ስክሪን የሚባል ታላቅ ወንድምም አለው። ቲመክስ በአንድ ተርሚናል ውስጥ ብዙ መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱንም ለሁለት ለሦስት ይከፍላል። ሥራው የሚሄደው ሰርቨሩ ላይ በመሆኑ የእኛ ኮምፒውተር መብራት ቢጠፋበት እንኳን ሴሽኑ አይሞትም፤ ተመልሶ መግባት ብቻ ነው። (ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋማ አለቀ!)

ታዲያ ፕሮግራሙ ሲመጣ ትእዛዝ የሚቀበለው «ኮንትሮል ቢ» ሲጫን ነው። ለምን «ቢ» ሆነ? ሰውዬው ቲመክስን መጀመሪያ የሠራው ስክሪን ውስጥ ሆኖ ነበር፤ የስክሪን ቁልፍ ደግሞ «ኮንትሮል ኤ» ነው። ሁለቱ እንዳይጋጩ ብሎ «ቢ»ን መረጠ። እንግዲህ ለእሱ ጠረጴዛ የተመረጠ ቁልፍ ለእኔ ጣት ሕግ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በስሙ መጀመሪያ ላይ ነጥብ ያለባት አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፤ ምርጫችንን እሷ ላይ እንጽፋለን። የእኔ ሰባት መስመር ብቻ ናት። ቁልፉን ወደ «ኤ» መልሻለሁ፤ ማውዝ እንዲሠራ አድርጌያለሁ። መስኮቶቹ ከ0 ሳይሆን ከ1 እንዲቆጠሩ አድርጌያለሁ፤ 0 እኮ ኪቦርዱ ላይ ከ9 ቀጥሎ ነው ያለው! ወደ ኋላ ተመልሶ የሚነበበውን ከ2000 መስመር ወደ 20000 አሳድጌዋለሁ፤ ረጅም ቃለ ምልልስ የገለበጠ ሰው ይህቺ ለምን እንደምታስፈልግ ይገባዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን የማያውቁትን ሰው የ200 መስመር ፋይል ከኢንተርኔት አውርደው እንዳለ ይለጥፋሉ። ያምራል፣ ከታች ሰዓቱም ባትሪውም ይታያል። ነገር ግን ይህ ፋይል ቀለም ብቻ አይቀይርም፤ ሌላ ኮማንድ ማስነሳትም ይችላል። ያላጣሩትን ዜና አታትሙ እየተባለ የሚማር ተማሪ ያላነበበውን ፋይል ሲያስነሳ ትንሽ ያሳፍራል።

ይህ ሁሉ ግን እኛ ጋ ከንቱ ድካም ነው። ምክንያቱም ሰርቨሩ ላይ ሁላችንም የምንገባው በአንድ አካውንትና በአንድ ፓስወርድ ነው። ፋይሏም አንድ ናት፤ ማክሰኞ የጻፍኩትን ረቡዕ ሌላው ያጠፋዋል። በዚያ ላይ ቲመክስ ፋይሏን የሚያነበው መጀመሪያ ሲነሳ ስለሆነ፣ ጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው ምርጫ ቀኑን ሙሉ የሁላችን ምርጫ ሆኖ ይውላል።

ይህስ ይሁን፣ የቁልፍ ጉዳይ ነው። ትልቁ ችግር በአንድ አካውንት የገባ ማንም ሰው የሌላውን ሴሽን መክፈት መቻሉ ነው። ባለፈው ወር አንዱ የክፍላችን ልጅ የራሱን ሴሽን ሲፈልግ የሌላዋ ልጅ ቃለ ምልልስ ፊቱ ተደቀነ፤ ከነተናጋሪው ስም። ተናጋሪው ስሜ እንዳይገለጽ ብሎ ቃል አስገብቷት የነበረ ሰው ነው። እሷ ቃሏን ጠብቃለች፤ ሰርቨሩ ግን አልጠበቀላትም።

የላቡ ኃላፊ ሲጠየቁ «ለሁሉም አካውንት መክፈት ሥራ ይበዛል፣ ቦታም ይይዛል» ይላሉ። በአክብሮት አልስማማም። በሊኑክስ አካውንት መክፈት ለአንድ ሰው አንድ ኮማንድ ነው፤ የክፍሉ የስም ዝርዝር ካለ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መጨረስ ይቻላል። ቦታውም ቢሆን ለየተማሪው ልክ ይወሰንለት። የእኔ ፋይል እንደሆነች አንድ ኪሎባይት እንኳን አትሞላም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የምርመራ ዘገባ ኮርስ እንጀምራለን። አካውንቱ ከዚያ በፊት ቢከፈት ጥሩ ነው። እስከዚያው ግን እኔ ስሙ እንዳይወጣ የጠየቀ ሰው ቃል እዚያ ሰርቨር ላይ አልጭንም፤ ማታ ማታ ማዳመጫዬን ሰክቼ በእጄ እገለብጣለሁ።