መድኃኒቱን የምንሰጠው እኛ ነን፣ ፋርማሲስቱ ታዲያ ለምን ለእኛ አይነግረንም?

ጅዳ ነኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የምትጠብቁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እህት እዚሁ ገጽ ላይ "የመርሳት በሽታ ያለባት አሮጊት ሌሊት አታስተኛኝም፣ ምን ልስጣት?" ብላ ጠየቀች። ከስሩ የተጻፈላትን አነበብኩ። አንዷ "የጉንፋን ሽሮፕ ስጫት፣ ድብን ብላ ትተኛለች" ትላለች። ሌላዋ "የማዳምን የእንቅልፍ ኪኒን ግማሹን" ትላለች። "ፋርማሲስት ጠይቂ" ያላት አንድም ሰው የለም። ተናደድኩ። የተናደድኩት በእናንተ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው። ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ።

የምጠብቃት ማማ ከቢራ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። በሽታዋን እነሱ ዘሃይመር ይሉታል፤ እኛ አገር "ጃጀች" ብለን የምናልፈው ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስታ ድሮ የሞተች እናቷን ትጣራለች፣ በር ትደበድባለች። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ልጆቹን ለትምህርት ቤት የማዘጋጀው እኔው ነኝ። እንግዲህ አስቡት። ማዳም የአለርጂ ሽሮፕ ሰጠችኝና "ሲመሽ አንድ ማንኪያ" አለችኝ። እውነትም ተኛች። አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ሁለት ማንኪያ ሰጠኋት። ማንም አላየኝም። በማግስቱ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ጠፋባት፣ ሽንቷም እምቢ አላት፣ ቀኑን ሙሉ እንደፈዘዘች ዋለች። እኔ በሽታው የባሰባት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ትልቁ መጣ። ለማስታወስ ይረዳል የተባለ፣ ፕላስተር የሚመስል ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አላት። ስሙ ሪቫስቲግሚን ነው። አንድ ሰሞን ማስመለስ ጀመረች፣ ምግብ እምቢ አለች፣ ስትነሳ ራሷን ያዞራታል። ማዳም "ምን አበላሻት?" ብላ ጮኸችብኝ፣ ሴት ልጇም "ይቺ ልጅ አንድ ነገር አድርጋለች" አለች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አይደል? ገላዋን ሳጥባት ግን ጀርባዋ ላይ ሁለት፣ ትከሻዋ ላይ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ፕላስተር አገኘሁ! አንዱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሌላውን ማዳም፣ ሌላውን ልጇ። ሁላችንም ለጠፍን፣ የድሮውን ያነሳ የለም። ማንሳት እንዳለብን ለእኔ የነገረኝም የለም።

ፎቶ አንስቼ ለማዳም አሳየኋትና ሰይደሊያ እንድትደውል ለመንኳት። ፋርማሲስቱ "አሁኑኑ ሁሉንም አንሱ፣ አዲስ እንዳትለጥፉ፣ ሆስፒታል ውሰዷት" አለ። የልቧ ምት ቀንሶ ነበር። ሁለት ሌሊት አድራ ተመለሰች። ብትሞት ኖሮስ? ማን ነበር የሚጠየቀው? ማዳም ናት እንዴ? ያበላኋት፣ ያጠጣኋት፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ። በማላውቀው መድኃኒት ፖሊስ ጣቢያ የምቆመውም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ፋርማሲስቱ "ለእሷ የምትሰጡትን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ፌስታል አምጡ" አለ፤ ማዳምም እኔን ይዛኝ ሄደች። አንድ በአንድ እያነሳ "ይሄን ማን ይሰጣታል? ስንት ሰዓት? በምን?" ብሎ ጠየቀን። የሚመልሰው ማን ይመስላችኋል? ማዳም ዞራ ወደ እኔ ታያለች። ያኔ ነው ሁላችንም የገባን፣ የመድኃኒቱን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያልተነገረኝም እኔ ብቻ ነኝ።

ያገኘውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ያ የአለርጂ ሽሮፕ። የጉንፋን፣ የአለርጂና ለእንቅልፍ የሚሸጡ ብዙ ድሮ የወጡ መድኃኒቶች፣ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉት፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ጭንቅላት የበለጠ ያደናግራሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። የማስታወሻው መድኃኒት የሚሠራውን እነሱ ያፈርሱታል። ጠዋት በፕላስተር እንገነባለን፣ ማታ በሽሮፕ እናፈርሳለን ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፓናዶልና ፊቫዶል። ለጉልበቷ አንዱን፣ ለራስ ምታቷ ሌላውን እሰጣት ነበር። ስማቸው ተለያየ እንጂ ሁለቱም ፓራሲታሞል ናቸው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ሦስተኛው የእኔ ጥፋት ነው። አልውጥም ስትል የግፊት ኪኒኗን ፈጭቼ በዘባዲ አበላት ነበር። ያ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው፣ ሲፈጭ መድኃኒቱ ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል። ለካ የምትንገዳገደው በዚያም ነበር። ፋርማሲስቱ ለሐኪሟ ደወለ፣ ሐኪሙም አንዳንዱን አስቆመ፣ የግፊቱን ቀየረው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ።

በመጀመሪያ ለፋርማሲስቶች። ለሾፌሩ ፌስታሉን አቀብሎ "ማዐ ሰላማ" ማለት ሥራ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ቲማቲም የሚሸጥም እንደዚያ ያደርጋል። እናንተ የተማራችሁት መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ሲጣላ ለማወቅ ነው። ሐኪሟ የጻፈውን ያውቃል፣ የአጥንት ሐኪሙ የራሱን ያውቃል፣ ማዳም ራሷ የገዛችውን ታውቃለች። ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በሽተኛዋ ራሷ ስሟን እንኳ አታስታውስም፣ ለእሷ መንገር አይቻልም። ስለዚህ "መድኃኒቱን በእጁ የሚሰጣት ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ለዚያ ሰው ንገሩ። ቋንቋ ካስቸገረ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉልን፣ ይገባናል። የእኛው ፋርማሲስት እንደዚያ ነው ያደረገው፣ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

ቀጥሎ ለአሠሪዎች። እኛ ነርስ አይደለንም። ኮንትራታችን ላይ የቤት ሥራ ነው የሚለው። መድኃኒት ስጪ ካላችሁን ደግሞ ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለን። "ስጪ፣ ዝም በይ" የሚባል መድኃኒት የለም።

መጨረሻ ለእኛ፣ ለራሳችን። "ምን አገባኝ፣ ማዳም ያለችውን እሰጣለሁ" የምትሉ አላችሁ። ያገባሻል! ነገር ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ወደ አንቺ ነው። "አረብኛው አልገባኝም፣ አልተማርኩም" የምትሉም አላችሁ። እኔም አስረኛ ክፍል ነኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ያወጣለት የንግድ ስም ነው፣ ከስሩ በትንሹ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው። ሁለት ካርቶን ላይ ትንሹ ስም አንድ ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው። ይሄን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም።

"እሷ ካልተኛች እኔ እሞታለሁ" ለምትሉት ደግሞ፣ ድካማችሁን አውቀዋለሁ። ግን በድብቅ የምንሰጠው የእንቅልፍ ኪኒን ያስጥላታል፣ ዳሌዋን ትሰበራለች፣ ከዚያ ቀንም ሌሊትም የምታነሻት አንቺው ነሽ። ረብሻ ለማብረድ የሚሰጡት እንደ ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ኩዌቲያፒን ያሉትማ ቀልድ አይደሉም። በፈረንጆቹ 2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋ ይጨምራሉ ብሎ ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል፣ በ2008 ደግሞ የድሮዎቹንም ጨመረ። ሐኪም አስቦበት፣ እየተከታተለ ሊያዝ ይችላል። ከጎረቤት ቤት ተበድረን የምንሰጠው ግን አይደለም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ አዲስ መድኃኒት ቤት ሲገባ እነዚህን አስጠይቁ፣ እናንተ መሄድ ካልቻላችሁ በማዳም፣ በሾፌሩ ወይም በስልክ ፎቶ ልካችሁ፦

ለምንድን ነው? ስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ? መፍጨት ይቻላል? ከሌሎቹ ጋር ይጣላል? አንድ ጊዜ ቢረሳ ምን ላድርግ? ምን ምልክት ሳይ ልደውል?

የሚለጠፍ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይለጥፍ፤ አሮጌውን መጀመሪያ ያንሳ፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ይለጥፍ፣ ቀኑን ይጻፍ። የሰጣችሁትን ሁሉ በደብተር መዝግቡ፣ ነገ ምስክራችሁ እሱ ነው። ደግሞ አደራ፣ ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የሚያስቆመው ሐኪሙ ነው። እዚህ ሳዑዲ ያላችሁ በ937 የጤና ሚኒስቴርን ማማከር ይቻላል፣ ሰው ራሱን ከሳተ 997 አምቡላንስ ነው።

ማዳም ትቆጣ ይሆናል ብላችሁ ከፈራችሁ "ለእናትሽ ብዬ ነው" በሏት። እናቷን የሚወድ ሰው እዚያ ላይ አፍ የለውም። የእኔዋም መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፣ አሁን ግን አዲስ ኪኒን ስትገዛ ራሷ "ነይ፣ አብረን እንጠይቅ" ትለኛለች።

ማማ ከቢራ አልዳነችም፤ ይሄ በሽታ መዳኛ የለውም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ትነሳለች። ግን ሽንት ቤቷን ታውቃለች፣ ሳትደገፍ ትቆማለች፣ ትናንት ፀጉሯን ሳበጥራት እጄን ይዛ "ቢንቲ" አለችኝ፣ ልጄ ማለት ነው። እኔም ያንን ጠርሙስ ያነሳሁበትን ሌሊት አስቤ አለቀስኩ።

ይሄን ለሚጠቅማት እህት አድርሱላት። ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።