በአደጋ ሰዓት በስልክ መሥመር ማን ይቅደም?

አምቡላንስ ድምፁን እያሰማ ሲመጣ የጭነት መኪና ነጂው ጥጉን ይይዛል፤ ባለታክሲውም ይቆማል፤ ስለ ምን ልቁም ብሎ የሚከራከር የለም። መንገዱም አምቡላንሱም ለዓይን ይታያሉና። የሞባይል ስልክ መሥመር ግን እንደዚህ አይደለም። እሳት በተነሣበት ወይም ፎቅ በተደረመሰበት ሰፈር ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲያነሣ፥ የእሳት አደጋ አዛዡ ጥሪና የባለሱቁ ጥሪ በአየር ላይ ተጋፍተው ሁለቱም ሲወድቁ የሚያይ የለም። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገሮች ለአደጋ ሠራተኞች በስልክ መሥመር ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ ወጥቷል። ነጋዴው ይህን ነገር የመሐንዲሶችና የፖሊሶች ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ቅድሚያ ለሌላው ሲሰጥ የሚዘገየው ወይም የሚዘጋው የእርሱ ስልክ ነው፤ ከስልኩም ጋር ዛሬ የገንዘብ ሣጥኑ አብሮ ይዘጋል።

ክርክሩን ለመከተል አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የስልክ ማማ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግደው የሚችለው የጥሪ ብዛት የተወሰነ ነው። በስልኩ ውስጥ በምትገባው ሲም ካርድ ላይ ደግሞ የመደብ ቁጥር ተመዝግቦባታል። ለተራው ደንበኛ ከ0 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች አንዱ እንደ ዕጣ ይደርሰዋል፤ የትኛው እንደ ደረሰው ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። ከ11 እስከ 15 ያሉት መደቦች ግን የተለዩ ናቸው። 12 ለጸጥታ ክፍሎች፥ 13 ለውሃና ለመብራት ለመሳሰሉት የሕዝብ አገልግሎቶች፥ 14 ለአደጋ ሠራተኞች የተመደቡ ሲሆኑ፥ 11ንና 15ን የስልክ ኩባንያው ለራሱ ሥራ ይይዛቸዋል። 10 የተባለው መደብ ማንም ሰው ለአደጋ ቁጥር ሲደውል የሚያልፍበት በር ስለ ሆነ ለብቻው ይከፈታል፤ ለብቻውም ይዘጋል። ማማው ከ0 እስከ 9 ያሉት እንዲታገዱ ምልክት ባስተላለፈ ጊዜ የተራው ሰው ስልክ ያንን ሰምቶ በራሱ ዝም ይላል።

ይህ አንደኛው መንገድ በር መዝጋት ነው። ሁለተኛው መንገድ ወረፋ ነው፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፥ መሥመር በተለቀቀ ቁጥር አስቀድሞ የአደጋው ሠራተኛ ይገባል፤ ሌላው ይዘገያል እንጂ አይከለከልም። ሁለቱም በአንድ ስም «ቅድሚያ» እየተባሉ ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል፤ በሱቅ ላይ የሚያደርሱት ነገር ግን እጅግ የተራራቀ ነው። የንግዱ ማኅበር ወረፋውን ያለ ማመንታት መደገፍ፥ በር መዝጋቱን ግን በተጻፈ ሕግ ካልታጠረ በቀር አለመቀበል ይገባዋል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በሎንዶን የደረሰው ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2005 በዚያች ከተማ በሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ በፈነዱ ቦምቦች 52 ሰዎች ተገደሉ። ወዲያውም የስልኩ መሥመር ተጨናነቀ። አደጋውን በበላይነት የሚመሩት የልዩ ልዩ ክፍሎች አለቆች ተሰብስበው መሥመሩ ለሕዝብ ይዘጋ እንደ ሆነ መከሩና እንዳይዘጋ ቈረጡ። ሕዝቡ ይሸበራል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ ከዚህም ሌላ ልዩ መደብ ያለው ካርድ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ እጅ መግባቱ አልተረጋገጠም ነበር። ይህ ውሳኔ እያለ የከተማይቱን የባንክና የንግድ ማእከል የሚጠብቀው የሲቲ ኦፍ ሎንዶን ፖሊስ ለብቻው ኦ-ቱ የተባለውን የስልክ ኩባንያ ጠይቆ፥ በኦልድጌት ጣቢያ ዙሪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል መሥመሩን አዘጋ። መሥመሩም ከአራት ሰዓት በላይ ተዘግቶ ዋለ። የሎንዶን ምክር ቤት በ2006 ባወጣው የምርመራ መግለጫ እንደ ተጻፈው፥ በዚያ ጊዜ ሳይደርሱ የቀሩት የኩባንያው ደንበኞች ጥሪዎች በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ፥ ምናልባትም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ፖሊሱ ሠራተኞቹ እንዲነጋገሩ ፈለገ፤ ኩባንያውም የተጠየቀውን ፈጸመ። ጥፋቱ ያለው ትእዛዙ በሁለት በር ሊገባ በመቻሉ ላይ ነው፤ የበላዮቹ ጉባኤ አይሆንም ያለው ነገር በጎን ተፈቀደ። የተዘጋውም የአንድ ኩባንያ መሥመር ብቻ ስለ ነበር፥ የሌላ ኩባንያ ስልክ የያዘ ሐኪም ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከመዘጋቱ ያገኘው ጥቅም አልነበረም። እንግሊዞች ከዚህ ተምረው በ2009 የቀድሞውን ሥርዓት በሌላ ተኩ። በአዲሱ ሥርዓት አደጋውን የሚመራው የፖሊስ የበላይ አዛዥ ለኩባንያዎቹ ሁሉ ያስታውቃል፤ ልዩ ካርድም የሚሰጠው ለአደጋ ጊዜ ሥራ በሕግ ለተለዩት ክፍሎች ብቻ ነው።

አሜሪካኖች የመረጡት ወረፋውን ነው። የመገናኛ ኮሚሲዮናቸው ስለ ቅድሚያ ጥሪ ደንብ ያወጣው በ2000 ነበር፤ በሴፕቴምበር 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግቶን አደጋ ሲደርስ ሕጉ በወረቀት ላይ ነበረ፥ መሣሪያው ግን ገና አልተተከለም። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ተጀመረ። ፈቃድ ያለው ሰው ከሚደውልበት ቁጥር በፊት ኮከብና 272 ይነካል፤ መሥመሩም ተይዞ ከሆነ ከወረፋው ፊት ይቆማል። ለነጋዴ ትልቅ ነገር የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ደንቡ ምን ጊዜም ቢሆን ከመሥመሩ የተመጠነ ድርሻ ለሕዝብ እንዲተው ኩባንያዎቹን ያስገድዳል። በ2022 ደንቡ ሲታደስ ከድምፅ ጥሪ አልፎ ጽሑፍንና ምስልን እንዲጨምር ሆነ፤ ለላይኞቹ ሁለት ደረጃዎችም የሌላውን ግንኙነት እስከ ማቋረጥ የሚደርስ መብት ታከለ፤ ሆኖም ለ911 የተደወለ የአደጋ ጥሪ ከመቋረጥ ተጠብቋል። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። የመንግሥት መሪዎች በአንደኛው ደረጃ ላይ፥ የእሳት አደጋና የጤና አለቆች በሦስተኛው ላይ መቀመጣቸው ግን የሚያከራክር ነው። መሪው እሳቱን በቱቦ አያጠፋም።

ሕግ ባይኖርና ነገሩ ሁሉ ለውል ቢተውስ የሚል ነጋዴ ሊኖር ይችላል፤ ንግድ በውል የሚሠራ ነውና። በ2018 በካሊፎርኒያ ትልቅ የደን እሳት በተነሣ ጊዜ የአንድ አውራጃ የእሳት አደጋ ክፍል የመገናኛ መኪናው የኢንተርኔት ፍጥነት እንደ ኤሊ ሆነበት። የወሩን መጠን ጨርሰሃል ተብሎ ኩባንያው አዝግሞበት ነበር። ክፍሉ ፍጥነቱ እንዲመለስለት ቢጠይቅ የተነገረው ወደ ሌላና ከእጥፍ በላይ ወደሚያስከፍል ውል እንዲዛወር ነበር። ውሉን የጻፈው ሰው የእሳት ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ የሽያጭ ሠራተኛውም ከተጻፈለት ውጭ የማድረግ ሥልጣን አልነበረውም። ውል ለሁለት ወገን ነው፤ የሚቃጠለው ቤት ባለቤት ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1932 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ መሠረት አኑሯል። የኅብረቱ ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ በባሕር፥ በየብስ፥ በአየርና በጠፈር የሰውን ሕይወት ስለ ማዳን ለሚደረግ ዓለም አቀፍ መልእክት ፍጹም ቅድሚያ ይሰጣል። የመንግሥት መልእክት የሚመጣው በ41ኛው አንቀጽ ነው፤ እርሱም በተጠየቀ ጊዜና እስከ ተቻለ ድረስ ተብሎ ተወስኗል። አንቀጾቹ የተጻፉት በአገሮች መካከል ለሚደረገው ግንኙነት ቢሆንም፥ በአገር ውስጥ ለሚወጣ ደንብ ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል ማግኘት ያስቸግራል።

በአገር ቤት ነጋዴው ቅድሚያ የሚለውን ቃል በሥጋት ቢሰማው የሚፈረድበት አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ከውጭ አገር ገዢ ጋር በኢሜይል የሚጻጻፈው ላኪና የመርከብ ሰነድ የሚጠብቀው አስመጪ ያዩትን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ነገር በሱቅ ውስጥ ሥር ሰድዷል። ቴሌብር በግንቦት 2013፥ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ሥራ ጀምረዋል፤ ኮከብና መሰላል ነክቶ የሚከፍለው ደንበኛ ዛሬ በየጉልቱ አለ። ማማው በሩን ከዘጋ የሚታገደው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ያ ክፍያም በዚያው መሥመር ስለሚሄድ አብሮ ይታገዳል። በወረፋው መንገድ ግን ክፍያው ጥቂት ቢዘገይ ነው።

ይሁን እንጂ ሥጋቱ ነጋዴውን ቅድሚያን በጠቅላላው ወደ መቃወም ቢመራው ጉዳቱ በራሱ ላይ ይሆናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት መነሣቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ማታ ባለሱቁ ዘበኛውን ይጠራል፤ ዘበኛው ባለሱቁን፥ የክፍለ ሀገር ደንበኛው አቅራቢውን፥ ዘመድ ዘመዱን ይጠራል። ጭንቀት ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን ከእነዚህ ጥሪዎች አንዱም እሳት አያጠፋም። ዕቃው የሚድነው በሰፈሩ የመጀመሪያው ሰው ለ939 ደውሎ ከተሰማ፥ ከዚያም አዛዡ ሁለተኛውን የውሃ ቦቴ በየትኛው ቅያስ እንዲገባ በጊዜው ለመንገር ከቻለ ነው። ለዚያ አዛዥ መሥመሩን የሚለቅ ነጋዴ የገዛ መጋዘኑን እየጠበቀ ነው።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣ በኋላ የስልኩ ሥራ በ2015 ዓ.ም. ለሁለተኛ ኩባንያ ተከፍቷል። እንግዲህ ቅድሚያን የሚመለከት ትእዛዝ ለሁለቱም ኩባንያዎች በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ቃልና ከአንድ ሹም ካልደረሰ የሎንዶኑ ነገር መደገሙ አይቀርም። ሹሙ በስሙ ባይሆን በማዕረጉ በደንቡ ላይ መጻፍ አለበት። በር መዝጋት ግድ የሚሆንበት ቀን ቢመጣም፥ ክልሉ በማማ ተለይቶ፥ ሰዓቱም ተቈርጦ፥ ለምሳሌ ስድስት ሰዓት ተብሎ፥ ሲያልቅ በራሱ የሚከፈት ይሁን፤ ማራዘም የሚፈልግ እንደገና ይፈርም። የአደጋ ጥሪው 10ኛ መደብ በምንም ምክንያት አይዘጋ። በሠላሳ ቀን ውስጥም ማን አዘዘ፥ የት፥ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ለሕዝብ ይገለጥ። ይህ ለወንጀለኛ ምሥጢር ማውጣት ነው የሚሉ አሉ፤ አደጋው ካለፈ ከወር በኋላ ግን የሚደበቅ ምን ይቀራል? የሚደበቅ ነገር አለ ከተባለ ያ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

ስለ ስም ዝርዝሩ ደግሞ ለንግዱ ወገን ደስ የማይል ነገር መነገር አለበት። የነዳጅ አስመጪው፥ መድኃኒት አስመጪው፥ ባንኩ፥ የትራንስፖርት ማኅበሩ እኛም እንግባ ማለታቸው አይቀርም፤ እያንዳንዱም ምክንያት አያጣም። ሁሉም የገቡበት ወረፋ ግን ወረፋነቱ ይቀራል፤ የእሳት አደጋው አዛዥም እንደ በፊቱ ከኋላ ይቆማል። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤት በዝርዝሩ ላይ ለአባሎቹ አንድ ቁጥር እንኳ ባይጠይቅ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ሹማምንትም ለቢሮ ኃላፊና ለቢሮ ኃላፊ ጸሐፊ ካርድ ሲያድሉ ለመከራከር አፍ ይኖረዋል። ካርዱ ለሥራ መደቡ እንጂ ለሰውየው አይሰጥ፤ ሰውየው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ካርዱን ለተተኪው አስረክቦ ይፈርም፤ ኩባንያዎቹም በየዓመቱ መዝገባቸውን ከባለሥልጣኑ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ።