ወይራው ከሆቴሉ ይቀድማል

የላሊበላን የእንግዳ አቀባበል ታሪክ ከሆቴል ምረቃ የሚጀምሩ ጸሐፍት ጥቂት አይደሉም። በእነርሱ አተራረክ፣ ላስታ ከፍራሽና ከአንሶላ በፊት እንግዳ ማስተናገድ አታውቅም ነበር። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው፤ ስለዚህም በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ከከተማዪቱ ሆቴሎች ሁሉ የዕድሜ ባለጸጋ የሆነውን ሰቨን ኦሊቭስን እንውሰድ። ሆቴሉን ያቋቋሙት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ላሊበላ አውሮፕላን በበጋ ብቻ በሚያርፍባት በዚያን ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዕልት ሂሩት ደስታ ናቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ ልዕልቲቱ ወህኒ ወርደው 14 ዓመት ያህል ታሰሩ። ዘውዱ ወደቀ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄደ፤ ሆቴሉ ግን ከነስሙ ቆየ። የጉብኝት መምሪያ ጸሐፊው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማን አሠራው፣ ማን ወረሰው፣ የትኛው ዝነኛ ሰው አደረበት።

ውሃ የቀዳችው፣ እንጨት የፈለጠው፣ እንግዳውን በበቅሎ ያመላለሰው ወዴት ገቡ? በደካማ ተውኔት ውስጥ አሽከር ትሪ ይዞ ይገባል፤ ቃል ሳይተነፍስም ይወጣል። የሆቴሉም ታሪክ የተጻፈው እንደዚያ ነው።

ስሙን እንኳ እንመርምር። ሰባት ወይራ ማለት ነው። የላስታ ሴት ግን ወይራን ያወቀችው ከሆቴል ሰሌዳ ላይ አንብባ አይደለም። ጋኗን በወይራ ጭስ አጥና፣ ጠላዋን ጠምቃ መንገደኛውን ስታስተናግድ የኖረች ናት። በየዓመቱ በገና፣ የንጉሥ ላሊበላም ልደት በሚታሰብበት ዕለት፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣውን ምእመን እግሩን አጥቦ የሚቀበለው ያገሬው ሰው ነው። ሆቴሉ የዚህ ልማድ ልጅ እንጂ አባት አይደለም።

«ሆቴል የባለጸጋ መዝናኛ ነው፤ ታሪኩ ለድሃው ምን ይረባዋል?» የሚሉም አይጠፉም። ለእነዚህ መልሱን ያለፉት ዓመታት ሰጥተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዪቱን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ውጊያ ደረሰባት። እንግዳ ሲጠፋ ጦሙን ያደረው ባለጸጋው አልነበረም፤ አስጎብኚው፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ የሚጠብቀው፣ በቅሎ ነጂው ነው። የሆቴሉ ታሪክ የእነዚህ ሰዎች የእንጀራ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለቱ ጠበቃ አገኘ። ዓለት ይቆያል፤ የሰው ትዝታ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ያስተናገዱት ሠራተኞች አርጅተዋል፤ ያለፉትም አልፈዋል። ስለ ቅርስ ዘወትር የምንሰብክ እኛ፣ የባህል ተቋማትና የዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ ድምፅ መቅጃ ይዘን ወደ በራቸው ያልሄድነው ለምንድን ነው? ሥራው ገንዘብ ሳይሆን እግርና ጆሮ የሚጠይቅ ነው። የምግብ አብሳዩ ሙያ፣ የበቅሎ ነጂው መንገድ፣ ያረጀው የእንግዶች መዝገብ፣ ሁሉም እንደ ብራና ሊጠበቁ ይገባቸዋል።

የላሊበላ ሆቴሎች ታሪክ እንደገና ይጻፍ። ሲጻፍም ሪባን ከቆረጠው ሹም ሳይሆን ጋኑን ካጠነችው ሴት ይጀመር።