በጎ ፈቃድና ድርጅት

እንደሚታወቀው፣ የተቸገረን መርዳት ለሕዝባችን ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ይህንኑ ነባር ስሜት ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር ለማጣመር የሚደረገውን ጥረት እንደግፋለን። የምንቃወመው መሣሪያው ብቻውን ሕዝብን ያንቀሳቅሳል የሚለውን የተሳሳተ አመለካከት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ጥሪ አቀረቡ። የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቋመ፤ መዋጮውም በኢንተርኔት ይሰበሰብ ጀመር። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሰው በዓመት 365 ሚሊዮን ዶላር ያዋጣል። የተገኘው ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሕዝቡ ስስታም ስለ ነበረ ነውን? ፈጽሞ አይደለም። ያው ሰው በዚያው ወር ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእህቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል። ለእናቱ ሲልክ የገንዘቡን ሥራ በድምፅዋ ይሰማዋል፤ ለፈንዱ ሲልክ ግን የሚጠይቀውም፣ የሚያመሰግነውም፣ ቢቀር የሚወቅሰውም ጎረቤት የለውም።

እድር ለዘመናት የጸናው በዚህ ምክንያት ነው። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። (ከእድር ዳኛ የበለጠ ጥብቅ ተቆጣጣሪ ያለ አይመስለንም።)

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ተሞክሮም ይህንኑ ያስረዳል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንጻው ማስጨረሻ በዩቲዩብ በቀጥታ በተላለፈው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሀብታሙም ድኃውም ተረባርቧል። ይህን ያስገኘው ካሜራው ብቻ አልነበረም። ከመንገድ የተነሡት አረጋውያን የት እንዳሉ ሕዝቡ ያውቃል፤ ሄዶ ይጎበኛል፤ ያጥባል፣ ይመግባል።

ጉዳዩ ዛሬ አጣዳፊ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብአዊ መብት ሥራ አግዶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረና በሩ ተከፈተ። ብዙዎቹ ድርጅቶች ግን ፊታቸውን ወደ ውጭ ለጋሾች እንዳዞሩ ቀሩ። የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. እርዳታውን ሲያቋርጥ የሚጠሩት አባል፣ የሚያንኳኩት የጎረቤት በር አልነበራቸውም። ለለጋሹ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት የነበረውን ዘገባ ለሰፈራቸው ሕዝብ በቋንቋው ማንበብን እንደ ተራ ነገር ቆጥረውት ነበርና!

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ከገጠር ቀበሌም አሥር ብር መላክ ይቻላል። ላኪው ገንዘቡ መድረሱን የሚገልጽ መልእክት ወዲያው ይደርሰዋል። ድርጅቶቻችን በዚሁ ስልክ አሥር ብሩ ምን እንደ ገዛ ይንገሩት፤ ቅዳሜ ጧትም ለሥራ ይጥሩት።